የሻማ ሰም፣ ማስቲካና የዶሮ ወጥ ከምንጣፍ ላይ ስለማስለቀቅ

ውድ እህታችን፣ በቅድሚያ እንኳን ለልጅዎ ክርስትና አበቃዎ። ከድግሱ በኋላ በሳሎንዎ ምንጣፍ ላይ የሻማ ሰም፣ የልጆች ማስቲካና የዶሮ ወጥ ቅባት እንደቀረ ጽፈው፣ ጎረቤትዎ የመከሩዎትን ነጭ ጋዝና በረኪና ከመሞከርዎ በፊት ልምድ ያለው ሰው ሐሳብ እንዲሰጥዎ ጠይቀዋል። በምንጣፍ እጥበት ሥራ ለዓመታት የቆየሁ ስለሆነ የማውቀውን እነግርዎታለሁ። ሁለቱንም ይተዋቸው። ለእጥበት ከሚመጡልን ምንጣፎች መካከል ፈጽሞ የማይመለሱት አብዛኛውን ጊዜ የፈሰሰባቸው ነገር ሳይሆን ለማስለቀቅ ተብሎ የተደረገባቸው ነገር ያበላሻቸው ናቸው።

በረኪና ቀለም ከመንጠቁም በላይ የሱፍን ክር ይበላል፤ ሳይበረዝ ከቆየበትም እስከ ማሟሟት ይደርሳል። ነጭ ጋዝ ማስቲካን ያላላል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቅባቱና ሽታው በምንጣፉ ውስጥ ይቀራል፣ ከጀርባው ክሩን የያዘውን ሙጫ ሊያለሰልሰው ይችላል፣ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ክፍል ደግሞ አደጋው ግልጽ ነው።

ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የምንጣፍዎ ክር ሱፍ ይሁን ሰው ሠራሽ ይለዩ። ከጠርዙ ከማይታይ ቦታ አንዲት ክር ቆርጠው፣ በወረንጦ ይዘው፣ በሸክላ ሰሐን ላይ በክብሪት ያቃጥሏት። ሱፍ ከሆነች የተቃጠለ ጸጉር ትሸታለች፤ የሚቀረውም ጥቁር አመድ በጣት ሲታሽ ይፈረፈራል። ሰው ሠራሽ ከሆነች ትቀልጥና ስትቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ጠጥራ ትቀራለች። ከመንዝና ከደብረ ብርሃን የሚመጡት የእጅ ሥራ ምንጣፎች የበግ ሱፍ ሲሆኑ፣ በፋብሪካ ከተሠሩት ርካሽ ምንጣፎች ብዙዎቹ ግን ፖሊፕሮፒሊን ከሚባለው የፕላስቲክ ክር የተሠሩ ናቸው። ይህ ክር በ160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቀልጥና ከዚያም በታች ስለሚለሰልስ፣ ለጥጥ ልብስ እስከ 200 ዲግሪ የሚሞቅ ካውያ ካረፈበት የካውያው ቅርጽ ታትሞበት ይቀራል።

ከሰሙ ይጀምሩ፤ ውኃ ከመግባቱ በፊት በደረቁ የሚነሣው ሁሉ መነሣት አለበትና። በረዶ በፌስታል አድርገው ሰሙ ጠጥሮ እስኪሰባበር ድረስ ያስቀምጡበት፤ ከዚያ በማንኪያ ጠርዝ እየፈረፈሩ ፍርፋሪውን ወዲያው ይጥረጉ። ወደ ክሩ ሥር የገባውን ለማውጣት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ወይም ያልታተመበት ወረቀት አልብሰው፣ ካውያውን እንፋሎት ሳይኖረው በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት አንዴ አሳርፈው አንዴ ያንሡ። የንብ ሰም እንኳ በ62 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ ከዚያ የበለጠ ሙቀት አያስፈልግም። ጨርቁ ላይ እርጥብ የሚመስል ነጥብ ሲወጣ ሰሙ እየተመጠጠ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ጨርቁን ወደ ንጹሕ ቦታው ያዙሩት፣ አለበለዚያ የመጠጠውን መልሶ ይሰጣል። ጋዜጣ ግን አይጠቀሙ፤ ቀለሙን ይለቃል።

ማስቲካውም በበረዶ ጠጥሮ ይነሣል፤ ካውያ ግን ፈጽሞ አያስጠጉበት። የቀረውን ትንሽ የምግብ ዘይት በጨርቅ ቀብተው ሲለሰልስ ያንሡትና ዘይቱን በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ያስለቅቁ። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ስለሚዘለው ማስቲካው የነበረበት ቦታ ቆይቶ አቧራ እየሳበ ይጠቁራል።

ከሦስቱ አስቸጋሪው የዶሮ ወጡ ነው። የበርበሬው ቀለም በቅቤው ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ቅቤው ካልወጣ ቀለሙም አይወጣም፤ ውኃ ብቻውን ደግሞ ሁለቱንም አያነሣም። በመጀመሪያ የበቆሎ ስታርች ወይም ዱቄት ነስንሰው ቅባቱን እስኪመጥ ይተዉት፤ ከዚያ ይጥረጉት። ቀጥሎ በሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጠው፣ ነጭ ጨርቅ ነክረውና ጨምቀው፣ ከእድፉ ዳር ወደ መሐሉ ይጫኑት። ማሸት ክሩን ያፍተለትለዋል፣ እድፉንም ያሰፋዋል። ጨርቁ ብርቱካንማ ቀለም መያዙን እስኪያቆም ይደጋግሙት። ከዚያ በኋላ የሚቀር ቅላት ካለ ያንኑ ቦታ ለፀሐይ ያጋልጡት፤ የበርበሬም ሆነ የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም። በነገራችን ላይ አልጫም ፈስሶ ከሆነ፣ እርዱ በዱቄት ሳሙና ሲነካ ድንገት ወደ ቀይ ቢለወጥ አይደንግጡ፤ ሳሙናው አልካላይ ስለሆነ ነው፤ በውኃ የቀጠነ አቼቶ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ሆኖም በረኪና ቀድሞ ከነካው አቼቶ እንዳያስጠጉ፤ የሁለቱ ድብልቅ የሚያፍን መርዛም ጋዝ ያወጣል።

ሳሙናውን በንጹሕ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ደጋግመው ያውጡ። ከዚያ ደረቅ ፎጣ አጣጥፈው ቦታው ላይ ያኑሩና ክብደት ያለው ነገር ጭነውበት ይደር። ይህ የሚደረገው ምንጣፉ ሲደርቅ ከሥር የቀረው እድፍ ከእርጥበቱ ጋር ወደ ክሩ ጫፍ ስለሚወጣ ነው፤ ማታ ጠፍቶ የነበረው ጠዋት ተመልሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ፎጣው ካለ የሚወጣው እርሱ ላይ ያርፋል። በማግስቱ የምንጣፉን ጠርዝ አንሥተው ጀርባውንም አየር ያስገኙለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልለቀቀ ወደ እጥበት ቤት ይውሰዱት፤ ሲሰጧቸውም ምን እንደፈሰሰበትና ምን ምን እንደቀቡት አንድም ሳያስቀሩ ይንገሯቸው፤ እኛ የምንመርጠው ማጽጃ የሚወሰነው በዚያ ነው።