ከሰኞ በፊት በሩን እይው

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፋብሪካው ስቶር ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሻል። ቆጠራ ላይ ጉድለት ተገኘና አለቃሽ ሰው ፊት ጮኸብሽ። ከዚያ ወዲህ የሰርቪሱን ጥሩምባ ስትሰሚ ልብሽ ድው ድው ይላል፤ እጅሽን ያልብሻል። ሐኪም የጻፈልሽ የሦስት ሳምንት ፈቃድ እሁድ ያልቃል። «ልልቀቅ ወይስ ልመለስ?» ብለሻል።

መልቀቂያውን አሁን አትጻፊ። ኋላ ትለቂ ይሆናል፤ ግን ተረጋግተሽ አስበሽበት ይሁን። ጊዜ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ ነው፤ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የቀሩት 3 ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀትሽን በደንብ ያዢ።

ይህን የነገርኩሽ ግን ፈቃዱን እንድታራዝሚ አይደለም። ቤት መቀመጡ ራሱ ፍርሃቱን ይቀልበዋል። ዛሬ ስትቀሪ ቅልል ይልሻል። ውስጥሽ ደግሞ «ባልሄድ ነው የተረፍኩት» ብሎ ይይዘዋል። በማግስቱ በሩ ይብስ ይከብድሻል።

ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት በባጃጅ ሂጂና ከበሩ ማዶ ቁሚ። ፈረቃ ሲቀየር፣ ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሲገባ እይ። ልብሽ ይመታል፤ ይምታ። እስኪበርድልሽ ድረስ ከቦታሽ አትነቃነቂ። አርብ ከምታምኛት የሥራ ባልደረባሽ ጋር ግቢ፣ ጥበቃውን ሰላም በይ፣ ካፌው ሻይ ጠጥታችሁ ውጡ። በእነዚህ ቀናት ጠዋት ቡና ይቅርብሽ። በዚያ ብርድ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቡናው ራሱ የልብ ምት ይጨምራል፣ አንቺ ደግሞ ፍርሃት ይመስልሻል።

አለቃሽን ሰኞ ድንገት ከምታገኚው አርብ ወይ በስልክ ወይ በአካል አናግሪው። እንዲህ በይው፦ «ጉድለቱን ከዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድና ከገቢና ወጪ ደረሰኙ ጋር አመሳክሬ ላሳይዎት እፈልጋለሁ። ስህተት ካለብኝ ግን ለብቻዬ ይንገሩኝ።» ድምፅሽ ቢንቀጠቀጥም ጨርሺው። እምቢ ካለሽ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ሂጂ።

እናትሽ ጸበል ሂጂ ማለታቸው ከፍቅር ነው። ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ። እንቅልፍ ጭራሽ ካጣሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሰኞን አትጠብቂ፤ የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂና የአእምሮ ሐኪም ይይሽ።

ሐሙስ እዚያ ቆመሽ ልብሽ እስኪረጋ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ጻፊልኝ።