20 በመቶ መጨመር ይበቃል ወይ?

ጥያቄህ ይሄ ነው፦ ባለ 2 ኢንች የውሃ መስመር አለህ። ቀጥታው ቧንቧ 12 ሜትር ነው። 6 ኤልቦ (መታጠፊያ)፣ 1 ግሎብ ቫልቭ (ፍሰት መቆጣጠሪያ) እና 1 ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ) አለው። ለነዚህ ፊቲንጎች (መገጣጠሚያዎች) ብለህ በቀጥታው ርዝመት ላይ 20 በመቶ ብትጨምር ፓምፑን ለመምረጥ ይበቃሃል ወይ?

ወንድሜ፣ አይበቃም። እኔም በዚሁ ተሸውጃለሁ። እንዲህ ያለው ግምት ኪሎ ሜትሮችን ቀጥ ብሎ ለሚሄድ መስመር ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ቧንቧው ሁለት እርምጃ ሳይሄድ ይታጠፋል።

እስቲ ያንተን እንቁጠር። ባለ ጥርስ መደበኛ ኤልቦ የዲያሜትሩን 30 እጥፍ ቀጥታ ቧንቧ ያህል ይቆጠራል። ግሎብ ቫልቭ 340፣ ስዊንግ ቼክ ቫልቭ 100። ድምሩ 620 ነው። የውስጥ ዲያሜትርህ 5.25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ፊቲንጎቹ ብቻ 32.5 ሜትር ቧንቧ ሆኑ ማለት ነው። አንተ የጨመርከው 2.4 ሜትር ነው! በሰዓት 15 ሜትር ኩብ ውሃ ብታሳልፍ ቀጥታው ወደ 0.9 ሜትር ሄድ (በውሃ ከፍታ የሚለካ ግፊት) ይበላል፤ ፊቲንጎቹ ከ2 ሜትር በላይ።

ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላዩ የግሎብ ቫልቩ ነው። እኔ የሠራሁበት ፋብሪካም የማጠቢያው መስመር ውሃ አልደርስ ብሎ ሁሉም «ትልቅ ፓምፕ ይገዛ» ሲል ጥፋተኛው እሱ ነበር። ለምን ግሎብ ተገጠመ ብዬ ብጠይቅ መጋዘን ውስጥ የተገኘው እሱ ብቻ ስለነበር ነው አሉኝ። ፍሰት መቆጣጠር ካልፈለግክ፣ ለመክፈትና ለመዝጋት ብቻ ከሆነ፣ ጌት ቫልቭ አድርግበት። የሱ 8 ብቻ ነው። 32.5 ሜትሩ ወደ 15 ይወርዳል። ሰፋ ብሎ የሚታጠፍ የብየዳ ኤልቦ ከሆነ ደግሞ 30ው ወደ 14 ገደማ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ቁጥር ለውሃና ውሃ ለሚመስል ፈሳሽ ነው። ሞላሰስ ላይ እንዳትሞክረው። ሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፈሳሹ ሲወፍርና ፍሰቱ ሲዘገይ የሚያንሰው ቁጥር) 50 አካባቢ ሲወርድ የኤልቦው ኬ (ፊቲንጉ ምን ያህል ግፊት እንደሚበላ የሚያሳይ ቁጥር) በውሃ ከምናውቀው 0.57 ተነስቶ፣ ለፊቲንግ በሚያገለግለው የሁፐር ቀመር ወደ 17 ይዘልላል። በ30 እጥፍ ካሰብከው ደግሞ 38 ያሳይሃል፤ እሱም በዛ። እዚያ ላይ ቀጥታው ቧንቧ ራሱ ዋናው በላተኛ ነው።

ከፊቲንጎቹ ስንቶቹ በፓምፑ መምጠጫ በኩል እንዳሉ ግን አልጻፍክም። እነሱን ለይተህ ቁጠርና ላክልኝ፤ ፓምፑ አየር የሳበ ይመስል የሚንኳኳው እዚያ በኩል ሲጠብበት ነው።