ስለ ሚሊሺያና ብሔራዊ ውትድርና፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቡራዩ ነው። ከገጠር በብሔራዊ ውትድርና ገብቼ እስከ 83 ድረስ ሰሜን ነበርኩ፣ ትንሽ ተምሬ ስለነበር የሻምበላችን ጸሐፊ አደረጉኝ፣ ስለዚህ የሰው ስም ዝርዝሩም ደብዳቤውም በእጄ ነበር የሚያልፈው። ሰፈራችን ውስጥ አባቱ ወይ አያቱ የዘመተበት ልጅ ብዙ ነው፣ መንገድ ላይ እያስቆማችሁ አንድ በአንድ ከምትጠይቁኝ እዚህ ጠይቁኝና የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አያቴ የወሎ ገበሬ ነበር፣ በ69 ዘመተ ይላሉ። ብሔራዊ ውትድርና ማለት ነው?

አይደለም ልጄ፣ አያትህ ሚሊሺያ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። ሚያዝያ 1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገበሬ ማህበሩ ሰው ወጣና ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ፣ ያው ከኛ ሰፈር አለፍ ብሎ በአምቦ መንገድ ያለው ማለት ነው። ወደ 300 ሺህ ሰው ነው የሚባለው። ስልጠናው የጥቂት ወር ነው፣ ሰኔ ላይ አብዮት አደባባይ ተሰልፈው ከዛ ከፊሉ ወደ ኦጋዴን ከፊሉ ወደ ኤርትራ ሄደ። ካራማራ ላይ የካቲት 26 ቀን 1970 የተገኘው ድል ውስጥ እነዚህ ገበሬዎች አሉበት።

ብሔራዊ ውትድርና የመጣው በ1975 በአዋጅ ቁጥር 236 ነው። ከ18 እስከ 30 አመት ያለ ወጣት 6 ወር ሰልጥኖ 2 አመት ያገለግላል፣ ከዛ ተጠባባቂ ይሆናል ነው የሚለው ወረቀቱ። ሽማግሌ ስታናግሩ መለያው ቀላል ነው፣ "ጅጅጋ" ብሎ ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ሚሊሺያ ነው፣ "ሁለት አመት ብለውን" ብሎ ከጀመረ ብሔራዊ ነው።

ጥያቄ፦ ወደው ነው የሄዱት ወይስ ታፍሰው?

ሁለቱም ነው፣ ግን ጊዜው ይለያያል። በ69 የወጣው ገበሬ መሬት ከተሰጠው ገና ሁለት አመቱ ነው፣ የመሬት አዋጁ የካቲት 1967 ነው የወጣው። ደርግ ከወደቀ ባለርስቱ ተመልሶ መጥቶ መሬቴን ይወስደዋል የሚል ስጋት ነበረው፣ ሶማሊያም ድንበር ጥሳ ገብታለች፣ ስለዚህ በፍላጎቱ የወጣ ቀላል አይደለም። በኛ ጊዜ ግን ነገሩ ኮታ ሆነ። ለገበሬ ማህበሩ ይሄን ያህል ሰው አምጣ ይባላል፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ የራሱን ልጅና የዘመዱን ልጅ አያወጣም፣ መጀመሪያ የሚሄደው አባት የሌለው፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ የሚያርስ፣ ከሊቀመንበሩ ጋር በድንበር የተጣላ ሰው ልጅ ነው። ኮታ ካልሞላ ገበያ ይከበባል። አህያው ላይ እህል ጭኖ ገበያ የወጣ ልጅ አህያዋ ብቻዋን ቤት ስትገባ ነው እናቱ የምታውቀው። ሁለት አመት የተባለው ደግሞ ወረቀት ላይ ሰፈረ እንጂ አልተከበረም፣ መዝገቡን እኔ ነበርኩ የምይዘው፣ አምስት አመት ያለፈው ሰው ስም በየወሩ እየገለበጥኩ እጽፍ ነበር። ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል፣ ስለ ድልና ሽንፈት ብዙ ይወራል፣ ለዚህ ልጅ የተገባለት ቃል ግን ማንም አያነሳውም።

ጥያቄ፦ ባል ሲዘምት መሬቱን ማን ያርሰዋል? እናቴ ስለሱ ስታወራ ትናደዳለች።

ብትናደድ አይፈረድባትም እህቴ። የዘማች ቤተሰብ መሬት በገበሬ ማህበሩ በተራ ይታረሳል ነበር የሚባለው፣ እውነትም ያረሱ ቦታዎች አሉ። ግን መጀመሪያ የራሳቸውን ነው የሚያርሱት፣ የዘማቹ መሬት የሚደርሰው የዘር ጊዜ ካለፈ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ወይ መሬቱን ምርቱን እኩል ለሚካፈላት አራሽ ትሰጣለች ወይ ወንድሟን ከሌላ አገር ታስመጣለች፣ አንዳንዷም በሬውን ትሸጣለች። እናትሽን ምን ተዘርቶ እንደነበር ጠይቂያት፣ በአመት በአመቱ ትነግርሻለች።

ጥያቄ፦ አባቴ ከኤርትራ የላከው ደብዳቤ አለን፣ ግን ሰላምታ ብቻ ነው፣ ስለ ጦርነቱ ምንም የለውም። ለምን?

ምናልባት እንደኔ አይነት ሰው ነው የጻፈለት። የመሰረተ ትምህርት ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ ብዙ ገበሬ ስሙን መጻፍ ችሎ ነበር፣ ረጅም ደብዳቤ ግን ያስጽፋል። ማታ ምሽግ ውስጥ ተራ ይዘው ይመጣሉ፣ "ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ" ብለን እንጀምራለን፣ ከዛ ሰላምታ በስም በስም ነው፣ አንድ አጎት ከተዘለለ ቅያሜ ስለሆነ ሁሉም ይጠራል። ያሉበትን ቦታ መጻፍ አይቻልም፣ ስለ ውጊያም አይቻልም፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩ አለ። ስለዚህ ሰላምታውን አልፈህ የመጨረሻውን አንብብ፣ ልቡ ያለው እዛ ነው። አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፣ ባስጻፈኝ ቁጥር "ቦራን እንዳትሸጡት" ያስብለኛል፣ ቦራ በሬው ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ መልስ መጣ፣ ለእህቱ ሰርግ ተሽጧል ይላል። እሷን መስመር ድገምልኝ አለኝ፣ ደገምኩለት፣ ወረቀቱን ተቀብሎኝ አጥፎ ኪሱ ከተተና ለጥበቃ ተራው ወጣ።

ደሞ ደብዳቤው ላይ ቀኑንና የክፍሉን ቁጥር ፈልግ፣ ካለ ትልቅ ነገር ነው፣ በኋላ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ምን ትበሉ ነበር? ደሞዝስ?

ደሞዝ አትበለው፣ የኪስ ገንዘብ ናት፣ ለሲጋራና ለሳሙና። ምግቡ መኪና ሲደርስ እንጀራም ዳቦም አለ፣ ካልደረሰ ኮቾሮ ነው። ኮቾሮ ደረቅ ብስኩት ነው፣ በጥርስ አይሞከርም፣ በድንጋይ ሰባብረን በጣሳ ውሃ እናርሰዋለን፣ ስኳር ካለን ስኳር እንጨምርበታለን። የሚከብደው ግን ውሃው ነበር፣ በቦቴ እስከ መንገዱ ይመጣል ከዛ በላይ ተራራው ላይ በጀሪካን በሰው ጀርባ ነው።

ጥያቄ፦ ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ሰራዊቱ ለምን እንደዛ ተሸነፈ? ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ።

ፈርቶ የሚል ሰው ናቅፋ ምሽግ አንድ ክረምት ይደር። ከ1971 ጀምሮ አስር አመት ለሚጠጋ ጊዜ እዛ ተራራ ላይ ፊት ለፊት ተፋጦ የቆየ ጦር ነው። የ74ቱ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አልፎበታል፣ ናቅፋ አልተያዘችም፣ ሰው አልቋል፣ እረፍት የለም። አፋቤት የናደው ዕዝ መቀመጫ ነበረች፣ የከባድ መሳሪያውና የጥይቱ ክምችትም እዛው። የዕዙ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ የካቲት 1980 በራሱ መንግስት ተረሸነ፣ መጋቢት ላይ ሻዕቢያ መጣ፣ በሶስት ቀን አለቀ፣ የሶቪየት መኮንኖች ሳይቀሩ ተማረኩ። አዛዡ በራሱ ወገን የተገደለበት ወታደር በማን ተማምኖ ይዋጋል? በየካቲት 81 ሽሬ፣ በየካቲት 82 ምጽዋ ከእጃችን ወጡ፣ ከዛ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ከ83 በኋላ የት ገቡ?

ግንቦት 13 መንግስቱ ወጣ፣ ግንቦት 16 አስመራ ተያዘች። የሁለተኛው አብዮታዊ ሰራዊት ብዙው በከረን በኩል በእግሩ ወደ ሱዳን ነው የሄደው፣ በውሃ ጥም የቀረው ብዙ ነው። ሰራዊቱ ፈረሰ፣ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ማለት ነው፣ በየካምፑ ተሃድሶ ተሰጠውና ወደየአገሩ ተሸኘ። ለገበሬው መሬትና ዘር ይሰጠዋል ተብሎ ነበር፣ ያገኘም አለ። ግን መሬቱ በሌለበት ጊዜ የተከፋፈለበት፣ ሚስቱ ሌላ ያገባችበት ሰው ምን ብሎ ይመለሳል? እንደነዚህ አይነቶቹ ናቸው አዲስ አበባ ዙሪያ የቀሩት። አሸዋ ሜዳ፣ ከታ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ አዲስ ቤት በተሰራበት ሁሉ ጥበቃ ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በር ላይ የቆመውን ሽማግሌ "ክፍለ ጦርህ ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁት፣ ቁጥሩን ሳያስብ ነው የሚነግራችሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ አለ ግን ምንም አያወራም፣ እንዴት ልጠይቀው?

ስለ ውጊያ አትጠይቀው፣ "ሰው ገድለሃል?" ደግሞ በፍጹም። ማን ጋር አንድ ጣሳ ትበሉ ነበር በለው። ከሰው ይጀምራል፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ስልክህን ለመቅዳት ፊቱ አትደቅን፣ ማታ ራስህ ጻፈው።

ጥያቄ፦ አጎቴ በ79 ሄዶ ቀረ፣ መርዶም አልመጣም። አያቴ አሁንም ትጠብቃለች። ምን እናድርግ?

እንደናንተ ያለ ቤተሰብ ብዙ ነው፣ በመጨረሻዎቹ አመታት መርዶ ወደየቤቱ አልደረሰም፣ 83 ላይ ደግሞ የሚናገረው ክፍል ራሱ ፈረሰ። ስም ብቻ ይዛችሁ አትፈልጉ፣ የገጠር ልጅ ስሙ በስንት አይነት ይጻፋል፣ ቤት የሚጠራበት ሌላ መዝገብ ላይ ሌላ ነው። ክፍለ ጦርና ብርጌዱን ፈልጉ፣ ከደብዳቤው፣ ከፎቶው ጀርባ፣ አብሮት ከዘመተ የአገሩ ልጅ። ቁጥሩ ከተገኘ የክፍሉ ሰዎች አሉ፣ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፣ የቀበረውን የሚያስታውስ ሊገኝ ይችላል። ግን ሽማግሌዎቹ እያለቁ ስለሆነ ዘንድሮ ጀምሩ። ፎቶውን በሁለቱም በኩል አንስታችሁ ላኩልኝ፣ እኔ ከማውቃቸው ጋር አስተያየዋለሁ።