ዕዳ ለጠናባችሁ የባሕር ዳር ነጋዴዎች፦ ስለ ኪሳራና ስለ ጠበቃ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሆቴል፣ ከጀልባና ከሱቅ ባለቤቶች ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ሥራዬ ጥብቅና ነው፤ የምችለውን ያህል እዚሁ እመልሳለሁ።

ባሕር ዳር የኪሳራ ጠበቃ የት አገኛለሁ?

«የኪሳራ ጠበቃ» የሚል ታፔላ በመፈለግ አትድከሙ። የጥብቅና ፈቃድ በጉዳይ ዓይነት አይከፋፈልም። «የንግድና የባንክ ጉዳይ የሚይዝ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ያለፈበት ነጋዴ ጥሩ ጠቋሚ ነው። ስታገኙት ፈቃዱ መታደሱን፣ እስከ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያስቆመውና የባንክ ሐራጅ ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ። በፍርድ ቤት በር ላይ «እኔ እጨርስልሃለሁ» ከሚል ጉዳይ ገዳይ ግን ራቁ። ራፖር ጸሐፊም አቤቱታ ይጽፍላችኋል እንጂ የጠበቃን ሥራ አይተካም።

የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መክሰሬን ላሳውጅ?

አይሆንም እህቴ። በእኛ ሕግ ኪሳራ የሚታወጀው ለነጋዴና ለንግድ ማኅበር ነው። ከአበዳሪሽ ጋር አዲስ የአከፋፈል ጊዜ በጽሑፍ ተስማሚ። በፍርድ ቢፈረድብሽም መተዳደሪያ የሆነ የሥራ መሣሪያና ለኑሮ የግድ የሆነ ዕቃ አይያዝም።

ሱቄ ዕዳ ውስጥ ነው፤ ግን አልተዘጋም። ጠበቃ መቼ ልያዝ?

ዛሬ። የ1952ቱን በከፊል የተካው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ለከሰረ ብቻ የወጣ አይደለም። ችግሩ እየመጣ መሆኑን ቀድሞ ያየ ነጋዴ ከአበዳሪዎቹ ጋር ተነጋግሮ ዕዳውን የሚያስተካክልበት ሥርዓት አለው። ድርጅቱ ተዳክሞ ግን ተስፋ ካለው ደግሞ እንደገና የሚደራጅበት መንገድ አለ። ኪሳራው የመጨረሻው ነው። ሰው የሚመጣው ግን ክፍያ ካቆመና ባለገንዘቦች (አበዳሪዎቹ) በር ላይ ከተሰለፉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አብዛኛው አማራጭ አልፏል። እኔን የሚያሳዝነኝም ይሄ ነው፤ ቀድሞ ቢመጣ የሚድን ሱቅ ይዘጋል።

ባንኩ ያለ ፍርድ ቤት ቤቴን ሊሸጥ ይችላል?

በውልህ ላይ ከተስማማህ፣ አዎ። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። ደብዳቤው እንደደረሰህ የብድር ውሉን ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። ቀኑ እያለፈ ሲሄድ የምትደራደርበት ነገር ያንሳል። በነገራችን ላይ «ድርጅቴ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፣ ቤቴ አይነካም» የሚሉ አሉ። ቤቱን ራሳቸው በመያዣ ሰጥተው ወይም ራሳቸው ዋስ ሆነው ከፈረሙ ያ መከላከያ አይሠራላቸውም።

ለጠበቃ የምከፍለው የለኝም። ምን ላድርግ?

ክፍያው በስምምነት ነው፤ አታፍሩ፣ ተደራደሩ። ሥራውን ከፋፍላችሁ ተዋዋሉ፦ መጀመሪያ ሰነድ አይቶ ምክር መስጠት፣ ቀጥሎ ከባንክ ጋር ድርድር፣ ክስ ካለ ደግሞ ለብቻው። ውሉ የጽሑፍ ይሁን፣ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። የብድር ውላችሁን፣ የባንክ መግለጫችሁንና የባለዕዳና የባለገንዘብ ዝርዝራችሁን በቅደም ተከተል ይዛችሁ ኑ። ያለ ወረቀት የመጣን ሰው ጉዳይ ለመረዳት ብቻ ብዙ ሰዓት ይሄዳል፤ ክፍያውም አብሮ ይጨምራል።

አቅም ለሌለው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለ። ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ጠይቁ። ለዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው ደግሞ ይህን ለፍርድ ቤቱ አስረድቶ ሳይከፍል ክስ ለመመሥረት እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ለባለገንዘቤ ገና ያልደረሰ ቀን የተጻፈበት ቼክ ሰጥቼዋለሁ፤ ሒሳቤ ባዶ ነው። እታሰራለሁ?

ዕዳ መክፈል ስላቃተህ ብቻ ወንጀለኛ አትሆንም፤ ደረቅ ቼክ (በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ) መስጠት ግን ወንጀል ነው። ቀኑ ሳይደርስ ባለገንዘቡን አነጋግረው፣ በጽሑፍ ተስማሙና ቼኩን መልሰህ ተቀበለው።

ከአራጣ አበዳሪ ወስጃለሁ። የጠየቀኝን ወለድ ሁሉ መክፈል አለብኝ?

የለብህም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ መብለጥ የለበትም። አራጣ ራሱም በወንጀል ያስጠይቃል። የከፈልክበትን ማስረጃ ሁሉ ሰብስብ፣ የስልክ መልእክትም ጭምር።

ንብረቴን በወንድሜ ስም ባዛውረውስ?

እባክህ አታድርገው። ባለገንዘቦችህን ለመጉዳት ብለህ ያዛወርከው ሊፈርስ ይችላል፤ በማጭበርበር መክሰርም በወንጀል ሕጉ ይቀጣል። አንተን ብቻ ሳይሆን ወንድምህንም ችሎት ታቆመዋለህ። አስቀድመህ ያዛወርከው ነገር ካለ ለጠበቃህ በመጀመሪያው ቀን ንገረው፤ የደበቅከውን ከባለገንዘቡ ጠበቃ አፍ በችሎት ላይ ከሰማው ሊረዳህ ይቸገራል።