ከምድጃው በፊት መሣሪያውን ጠይቁ

ከተረፈ ምርት የኤሌክትሪክ ማከማቻ የሚሆን ካርቦን ለመሥራት የምትነሱ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ የትኛው ተረፈ ምርት ይሻላል? የኮኮናት ቅርፊት? የሩዝ ገለፈት? የቡና አተላ?» እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ። ካርቦኑ የት ሊገባ ነው?

አንድ የኮኮናት ቅርፊት ውሰዱ። አየር በማይገባበት ምድጃ አክስላችሁ በትኩስ እንፋሎት አክቲቬት ብታደርጉት፣ ማለትም ጥቃቅን ቀዳዳ እንዲያወጣ ብትበሉት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። የአንዱ ግራም የውስጥ ገጽ ከ1000 ካሬ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። ሱፐርካፓሲተር፣ ማለትም ቶሎ ሞልቶ ቶሎ የሚለቅ የኤሌክትሪክ ማከማቻ፣ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ ቻርጅ የሚከማቸው አዮኖች (ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች) የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ሲደረደሩ ነውና። ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ሱፐርካፓሲተሮች ውስጥ ያለው ካርቦንም ከዚሁ ቅርፊት የመጣ ነው።

ያንኑ ካርቦን የሶዲየም ባትሪ ውስጥ ብታስገቡት ግን ጉድ ይፈላል። በመጀመሪያው ቻርጅ ኤሌክትሮላይቱ (አዮኖቹ የሚጓዙበት ፈሳሽ) ካርቦኑ ላይ እየፈረሰ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ሽፋኑም ሶዲየም ይበላል። ገጹ በሰፋ ቁጥር የሚባክነው ሶዲየም ይበዛል። ስለዚህ ለባትሪ ሲሆን አክቲቬት ማድረጉን ትታችሁ ሙቀቱን ከ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከፍ ታደርጋላችሁ። ያኔ ክፍት ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ፤ ውስጥ የቀሩት ጥቃቅን ክፍተቶች ደግሞ ሶዲየሙን ያስቀምጣሉ። ሃርድ ካርቦን የምንለው ይህ ነው። የሊቲየም ባትሪ የሚጠቀምበት ካርቦን፣ ግራፋይት፣ ሊቲየምን አሳምሮ ቢይዝም፣ በተለመደው ኤሌክትሮላይት ውስጥ እዚህ ግባ የሚባል ሶዲየም አይዝም። ስቲቨንስና ዳን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ከግሉኮስ የተሠራ ካርቦን በሶዲየም በግራም 300 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ቻርጅ እንደሚይዝ ባሳዩ ጊዜ ብዙ ሰው ፊቱን ወደ እንጨትና ወደ ቅርፊት ያዞረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ አንዱ ቅርፊት ሁለት ተቃራኒ ነገር ሆነ። «ይሄ ተረፈ ምርት ምርጥ ነው» የሚል ጽሑፍ ስታዩ «ለምኑ?» በሉ።

ቀጥሎ አመዱን ለኩ። ይህን የምለው ብዙ ሰው ስለሚዘለው ነው። የሩዝ ገለፈት ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው አመድ ነው፤ አመዱም በአብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም አሸዋ የተሠራበት ነገር፣ ነው። 100 ግራም ብታከስሉ 40 ግራም ገደማ ከሰል ይወጣችሁ ይሆናል። ሲሊካው ግን የትም አልሄደም። ካላችሁ ከሰል ከሲሶ በላይ፣ እስከ ግማሽ ያህሉ አሸዋ ነው ማለት ነው፤ አሸዋ ደግሞ ቻርጅ አይዝም። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ብታጥቡት ካልሲየሙና ፖታሲየሙ ይለቃል እንጂ ሲሊካው ንቅንቅ አይልም። እሱን የሚያሟሟው በውሃ የተበጠበጠ ትኩስ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለኦክስጅን ሪዳክሽን ካታሊስት፣ ማለትም ኦክስጅን ኤሌክትሮን የሚቀበልበትን ሂደት የሚያፋጥን ካርቦን፣ የምትሠሩ ከሆነማ የባሰ ጥንቃቄ ያሻችኋል። ከተክሉ ወይም ከመፍጫው የመጣ ትንሽ ብረት ራሱ ካታሊስት ሊሆን ይችላል፤ እናንተ ግን ካርቦኑ ውስጥ የጨመራችሁትን ናይትሮጅን ታመሰግናላችሁ።

አክቲቬት ለማድረግ በእንፋሎት ፈንታ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የምትጠቀሙ ልጆች፣ ስለ እናንተ እሰጋለሁ። ሙቀቱ ወደ 700 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን ንጹሕ ፖታሲየም ሊፈጠር ይችላል። ውሃ ሲነካው ይቀጣጠላል። ምድጃው በናይትሮጅን ወይም በአርጎን ሥር ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የማጠቢያውን ውሃም በጠብታ ጀምሩ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ብሎ ዓይን ማጣት የለም። ደግሞስ ለአንድ ግራም ከሰል ሦስት አራት ግራም ኬሚካል ጨምሮ፣ በብዙ ውሃ አጥቦ «አረንጓዴ ካርቦን ሠራሁ» ማለት አይከብድም? እንፋሎት የሚሰጠው የገጽ ስፋት ዝቅ ያለ ቢሆንም እኔ እሱን እመርጣለሁ።

ስለ ቁጥር ካነሳን፣ የሱፐርካፓሲተር ውጤት ስትጽፉ ፋራዱን (የቻርጅ መያዝ አቅም መለኪያውን) በምን ክብደት እንዳካፈላችሁት ንገሩን። የአንድ ኤሌክትሮድ ቁጥር፣ ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ገጥመው በጠቅላላ ክብደታቸው ሲካፈል ከሚገኘው አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱን ከሌላው ጋር ማወዳደር ግን ማሳሳት ነው። ጎጎትሲና ሲሞን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 አጥብቀው እንዳሳሰቡት፣ ስስ ኤሌክትሮድ ላይ የተገኘ የግራም ቁጥር ወፍራሙ ላይ አይደገምም። በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ቀብታችሁ ከሆነ፣ 10 ሚሊግራምም ሞክሩና ጎን ለጎን አስቀምጡት።

አንድ ነገር ልጨምር። ተረፈ ምርት ከፋብሪካ በመለያ ታሽጎ የሚመጣ ኬሚካል አይደለም። አፈሩ፣ ዝናቡ፣ የተከማቸበት ቦታ አመዱን ይለውጠዋል። ስለዚህ ከተለያየ ወቅት የተሰበሰበ ሁለት ጆንያ ውሰዱ። በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ በአንድ ዓይነት ሰዓት አክስሏቸው። የሁለቱንም አመድ፣ ከመቶ ግራም ስንት እንደተረፈ፣ የመጀመሪያውን ቻርጅ ብክነት ጻፉ። ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ ውጤቱን ላኩልኝ። ትልቅ ከሆነም ላኩልኝ፤ እንዲያውም ያን አስቀድሜ አነበዋለሁ።