ከሌሊቱ 9 ሰዓት የማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን መምህር። የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከሁለት ወር በፊት፣ ፈተና ያለቀ ሰሞን፣ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ሦስት አስፈሪ ፊልሞች ተከታትለን አየን። እነርሱ በማግሥቱ ረሱት፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሌሊት መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ሰው እቀሰቅሳለሁ፤ መስታወት ፊት መቆም እፈራለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ተሸፋፍኜ እተኛለሁ። በተለይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ከነቃሁ እንቅልፍ የለም፤ በፊልሙ "የአጋንንት ሰዓት" የተባለው እርሱ ነውና። አቡነ ዘበሰማያትን በጥድፊያ ደጋግሜ እላለሁ፤ አንድ ቃል ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ርኩስ መንፈስ ገብቶብኝ ይሆን? እንዲህ መፍራቴስ የእምነት ጉድለት ነው? አንዲት ዘመዴ ክታብ ላስጽፍልሽ ብላኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ክታቡን አታስጽፊ። ዘመድሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የሰው ፍርሃት ገበያ የሆነላቸው ሰዎች አሉ። ዛሬ አንዱን ጽፈው ቢሰጡሽ፣ ነገ ፍርሃቱ ሲመለስ "ይህኛው ስላነሰ ነው" ብለው ሌላ ይጽፉልሻል። በአንገትሽ ያለው ማዕተብ ይበቃሻል።

ርኩስ መንፈስ ገብቶብኝ ይሆን ላልሽው፣ ከጻፍሽልኝ ነገር ውስጥ ይህን የሚያሳይ አንድም አላገኘሁም። የጻፍሽልኝ የደነገጠ ሰው ሁኔታ ነው። እነዚያ ፊልሞች የሚሠሩት በጥበብ ነው፤ ድምፁን ሁሉ ጸጥ አድርገው ልብሽ እንዲሰቀል ካደረጉ በኋላ በድንገት ያስጮኹታል። አእምሮ "ይህ ውሸት ነው" ብሎ ከመፍረዱ በፊት ሰውነት ይደነግጣል። በጥቁርና ነጭ ዘመን፣ በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ፊልም ላይ ደም ሆኖ የታየው የቸኮሌት ሽሮፕ ነበር። ዓለም ግን በእርሱ ተንቀጥቅጧል። አንቺም ውሸት መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የደነገጠው ሰውነትሽ ግን ገና አላመነም። እርሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያምነው።

አሁን ወደ 9 ሰዓት እንምጣ፤ መልእክትሽን ሳነብ ልቤ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 14ን ክፈቺ። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊት በባሕር መካከል ናቸው፤ ነፋሱ ከፊታቸው ነው። ጌታ ወደ እነርሱ የመጣው መቼ ነው? "ከሌሊቱም በአራተኛው ክፍል" ይላል። በዚያ ዘመን ሌሊቱ በአራት ይከፈል ነበር፤ አራተኛው ክፍል በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚጀምረው ነው። ፊልሙ ለአጋንንት የሰጠው ሰዓት፣ በወንጌል ክርስቶስ በባሕር ላይ እየተራመደ ወደ ፈሩት ልጆቹ የመጣበት ሰዓት ነው።

እነርሱስ ሲያዩት ምን አሉ? "ምትሃት ነው" ብለው በፍርሃት ጮኹ። ሐዋርያት ናቸው እንዲህ ያሉት፤ ከእርሱ ጋር የበሉ፣ ተአምራቱን ያዩ። ጌታም መጀመሪያ የተናገራቸው የተግሣጽ ቃል አይደለም፤ "አይዞአችሁ፥ እኔ ነኝ፤ አትፍሩ" አላቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄሽ እዚህ ይመለሳል። መደንገጥሽ እምነት የለሽ አያደርግሽም። "አይዞሽ" የተባለው ለፈራ ሰው ነው።

እኔን ከምስሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፊልሙ ሳታውቂው ያስተማረሽ ትምህርት ነው። በእንደነዚህ ያሉ ፊልሞች ብዙ ጊዜ ካህኑ ይሸነፋል፣ መስቀሉ ይወድቃል፣ ጸሎቱ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ክፉው መንፈስ የፈለገው ቤት ገብቶ የፈለገውን ያደርጋል። ይህ ሐሰተኛ ትምህርት ነው፤ በጉባኤ መካከል ቆሞ የሚያስተምረው ሰው ቢኖር እንቃወመው ነበር፤ በፊልም ሲመጣ ግን ዝም ብለን እንቀበለዋለን። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ሌጌዎን የተባሉት አጋንንት ሁለት ሺህ ወደሚያህሉ እሪያዎች ለመግባት እንኳ ጌታን ለምነው ነው የገቡት። ሳያስፈቅዱ እሪያ ውስጥ መግባት ያልቻሉ፣ በሜሮን የታተመችውን ልጅ በላፕቶፕ በኩል ይወርሷታል?

በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ የክርስትና እናትሽ አንቺን ይዛ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ክዳልሻለች፤ ወደ ምሥራቅም ዞራ ሃይማኖትሽን መስክራልሻለች። ካህኑ ከሠላሳ ስድስት በማያንሱ የሰውነትሽ ክፍሎች ላይ ሜሮን ሲቀቡሽ ዓይኖችሽንም ቀብተዋል። መስታወት ፊት ስትቆሚ የሚያዩት እነዚያው ዓይኖች ናቸው።

አባታችን እንጦንስም በመቃብር ቤት ብቻውን ሳለ አጋንንት አንበሳ፣ ድብ፣ እባብና ጊንጥ መስለው እንደ ከበቡት ቅዱስ አትናቴዎስ ጽፎልናል። እንጦንስ ምን አላቸው? ኃይል ቢኖራችሁ ኖሮ ከእናንተ አንዱ ብቻ ይበቃ ነበር፤ እንዲህ በብዛት መምጣታችሁ ድካማችሁን ያሳያል አላቸው። ጥር 22 በዓሉ ሲከበር ይህን አስቢ።

ስለ ጸሎትሽ ልናገር። አቡነ ዘበሰማያትን እንደ በር መቀርቀሪያ እየተጠቀምሽበት ነው፤ "በደንብ ካልቆለፍኩት ይገባል" ብለሽ ትደጋግሚዋለሽ። ጸሎት ከአባት ጋር መነጋገር ነው። ልጅ አባቱን ሲጠራ ቃል ቢሳሳት አባት "እንደገና ጀምር" አይልም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀስ ብለሽ ጸልዪ። ብትሳሳቺም ቀጥዪ። አማትበሽ ተኚ። መዝሙር 90ን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ፣ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ አንብቢው። "ከሌሊት ግርማ" የሚለውን ቃል የምታውቂው ስትንቀጠቀጪ ብቻ ከሆነ ከፍርሃቱ ጋር ይጣበቃል። ውዳሴ ማርያምንም የዕለቱን ብቻ በየቀኑ አድርሺ።

መጸዳጃ ቤቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ጓደኛሽ እስከ በሩ ትሸኝሽ፤ ቀጥሎ ከክፍላችሁ ደጃፍ ቆማ ትጠብቅሽ፤ በመጨረሻ ብቻሽን ሂጂ። ምስሉ ሲመጣብሽ አትታገዪው፤ ከእርሱ ጋር በታገልሽ ቁጥር እየጎላ ይመጣል። መጣ፣ ያልፋል ብለሽ ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

አንድ ያልጠየቅሽኝ ነገር አለ፤ ብዙዎችን ስላየሁ ነው የማነሣው። አስፈሪ ፊልም ትተው ማታ ማታ በስልካቸው አጋንንት ሲወጡ የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን የሚያዩ ልጆች አሉ፤ መንፈሳዊ ስለሚመስላቸው ነው። እባክሽ አንቺ ይህን አታድርጊ። በጸበል ስፍራ የሚጮኸው ሰው የአንድ እናት ልጅ ነው፤ በድካሙ ሰዓት ፊቱን ለማያውቁት ሰዎች ማሳየት ያሳዝነኛል። ለአንቺም ያው ፍርሃት ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይሮ ይመለስብሻል። ጸበል ከሄድሽ ለበረከት ሂጂ፣ ተጠመቂ፣ ጠጪ፤ "እጮህ ይሆን?" እያልሽ ራስሽን ለመፈተን ግን አትሂጂ። ፊልሙንም ተዪው። ነቢዩ ዳዊት "በዓይኔ ፊት ክፉን ነገር አላኖርሁም" ብሏል። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ አያፍሩብሽም።

ይህን ሁሉ እያደረግሽ እንቅልፉ ከራቀሽና ትምህርትሽን ከጎዳው ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነትን መተው አይደለም።

የምለምንሽ የመጨረሻ ነገር አለ። በግቢያችሁ አቅራቢያ ባለው ደብር የሚቀጥለው ዓመታዊ በዓል ሲደርስ፣ ከግቢ ጉባኤ እኅቶችሽ ጋር ፈቃድ ጠይቃችሁ ማሕሌት ቁሙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ሰዓትሽን ተመልከቺ። ያን ጊዜ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያቸው ያሸበሽባሉ፤ አሮጊቶቹ እናቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እዚያው መካከላቸው ቁሚ። ደግሞ ጋቢ ያዢ፤ ሌሊቱ ይበርዳል።