መልስ፦ በድርቁ መሃል ያበበችው ጽጌረዳ

ጽጌረዳዬን በዚህ ድርቅ ልቁረጥ ወይስ ልተው ላልሽው፣ የጠወለገውን አበባ ብቻ ቁረጪ፣ እንቡጡን ተዪው፤ ቅርንጫፉን ግን አሁን አትከርክሚ። ዝናቡ ቀድሞ ቆሞ፣ የቧንቧ ውሃም በፈረቃ እየመጣ፣ ኮምቦልቻ ላይ እስካሁን ማበቧ በጣም ደስ ይላል። የጠወለገው ካልተነሳ ግን ያለ የሌለ ጉልበቷን ፍሬ ለመያዝ ታውለዋለች፣ ከተከረከመች ደግሞ አዲስ ቅጠል አውጥታ ብዙ ውሃ ትፈልጋለች።

በየቀኑ ጠብ ጠብ አታድርጊላት። በሳምንት አንድ ሁለቴ፣ ጀንበር ስትጠልቅ፣ ሥሯ ድረስ እስኪሰርግ አጠጪና አፈሩን በጤፍ ጭድ ሸፍኚ፤ ጭዱ ግንዷን አይንካ። ግቢሽ ያለው ቡገንቪሊያ ደግሞ አያሳስብሽ፣ እሱ ትንሽ ሲደርቅበት ነው በደንብ የሚያብበው።

አደራ፣ በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢ እንዳታፈሺባት። ማዳበሪያም ዝናብ እስኪመጣ ይቆይ፤ በደረቅ አፈር ላይ ሥር ያቃጥላል፣ ጎረቤት ግቢ በዓይኔ አይቻለሁ።